ፒካፕ ፍሬን ሲይዝ ይጮኻል፦ ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁን መለየት

«ፍሬን ስይዝ ይጮኻል፤ ሸራው አልቆ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መስመር ፒካፕ ከሚያሽከረክሩ ሰዎች ሳያቋርጥ ይመጣል። አንዳንዴ መልሱ አዎ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ግማሽ ዕድሜውን ያልጨረሰ ሸራ ወልቆ ይጣልና አዲሱ በተገጠመ በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ ይመለሳል። ድምፁን ያመጣው ታምቡር (ከኋላ ጎማ ጋር የሚዞረው ክብ የፍሬን ብረት) ውስጥ የተጋገረ ጭቃ፣ የደረቀ ፒን ወይም የላላ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነበርና። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ፣ ከየትኛው ጎማ እንደሚመጣና ምን ዓይነት እንደሆነ በቅጡ ከለያችሁ፣ ጥፋት ያለበትን ዕቃ ጎማ ሳትፈቱ በፊት ልታውቁት ትችላላችሁ።

መመሪያው ፊታቸው ዲስክ፣ ኋላቸው ታምቡር ለሆነ ፒካፖች ነው፤ አብዛኞቹ ሃይሉክስና ዲማክስ እንዲህ ናቸው። «የፊት ሸራ» ስንል ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚጨብጠውን፣ «የኋላ ሸራ» ስንል ታምቡር ውስጥ ያለውን ግማሽ ጨረቃ መሳዩን ነው።

መጀመሪያ ይህን እዩ

ከሚከተሉት አንዱ ካለ መኪናውን አታንቀሳቅሱ፤ መካኒኩ መኪናው ወዳለበት ይምጣ።

- ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል፣ ወይም ተረግጦ ሲቆይ ቀስ እያለ ይወርዳል።
- ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።
- ከጎማ ውስጠኛ ገጽ ፈሳሽ ወርዷል።
- ብረት ከብረት ሲፋጭ በግልጽ ይሰማል።

የመጨረሻው «ጋራዥ እስክደርስ» ተብሎ በጣም ይናቃል። ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን ሲበላ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ዲስኩም አብሮ ይበላሻል። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ የማቆም አቅሙ ከዲስኩ ቀድሞ ያልቃል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ክብደቱን የሚችሉ 2 የመኪና መደገፊያ ብረቶች
- 4 ታኮ
- ከ10 እስከ 19 ቁጥር ያሉ ቁልፎች፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ
- 8 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው 2 ቡሎኖች (ታምቡር ለማስለቀቅ)
- ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ፣ የእጅ ባትሪ
- ግማሽ ሜትር ጠንካራ ሽቦ
- የሽቦ ብሩሽ፣ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት
- የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፤ ከሌለ የሳሙና ውሃና ንጹሕ ጨርቅ
- ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ፣ ትንሽ
- በፍሬን ዘይት ጣሳው ክዳን ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ የሆነ ዘይት (ዶት 3 ወይም ዶት 4)
- ጓንትና የአፍና የአፍንጫ ጭምብል
- አንድ ረዳት

አሠራር

1. ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ ጀምሩ። ክረምት ላይ እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ዝናብ ሲያድር ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ፍሬን ስትይዙ ሻካራ ድምፅ ተሰምቶ ከዚያ ከጠፋ፣ ሸራው ያን ዝገት እየጠረገ ነው፤ ምንም አትፍቱ። ከአምስተኛው በኋላም ከቀጠለ ወደሚቀጥለው እለፉ።

2. የድምፁን ዓይነትና ጊዜ ለዩ። ሬዲዮ ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ከግንብ አጥር ጎን ጎን በዝግታ ንዱ። ግንቡ ድምፁን ስለሚመልሰው በየትኛው ወገን እንዳለ ጎልቶ ይሰማችኋል። ከዚያ ከሚከተሉት ጋር አስተያዩት።

*ቀጭን ሲጥታ፤ ፔዳል ሳይነካ እየተጓዙ ይሰማል፣ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል ወይም ይለወጣል።* ፊት ሸራ ላይ ያለችው ትንሽ የማስጠንቀቂያ ብረት ዲስኩን መንካት ጀምራለች። የተሠራችው ሸራው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው እንድትጮኽ ነው። ይህ ድምፅ በእርግጥም «ሸራ ቀይሩ» ማለት ነው። በርካሽ ሸራዎች ላይ ግን ብረቷ ጨርሶ ላትኖር ስለምትችል፣ ሲጥታ አልሰማሁም ብሎ መተማመን አይቻልም።

*ቀጭን ሲጥታ፤ ፍሬን በስሱ ሲያዝ ብቻ ይመጣል፣ ጠበቅ ሲደረግ ይጠፋል።* ሸራው ዲስኩ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው። ወይ የሸራው ጀርባ ግራሶ ደርቋል፣ ወይ ሸራውን አጥብቆ የሚይዘው ስስ ብረት ጠፍቷል፣ ወይ የሸራው ፊት በሙቀት እንደ መስታወት አብረቅርቋል። ሸራው ገና ወፍራም ሊሆን ይችላል።

*ሻካራ ግርርታ።* ሁለት ምንጭ አለው፤ መለየቱም ቀላል ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ሳላችሁ በድንገት ከጀመረና ፔዳል ብትረግጡም ባትረግጡም ካለ፣ በዲስኩና ከጀርባው ባለው ስስ ቆርቆሮ መካከል ድንጋይ ገብቷል። ቀስ በቀስ እየባሰ ከመጣና ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ሸራው አልቋል።

*አንዴ «ቋ»፤ ፍሬን መያዝ ሲጀመር፣ ከዚያም ወደ ኋላ ሄዶ ሲያዝ እንደገና።* አንድ ዕቃ ቦታው ላይ እየተንሸራተተ ነው፤ የላላ የካሊፐር (የፊት ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ዕቃ) ቡሎን፣ ልቅ ሸራ፣ ወይም የተበላ የፊት እግር ቦኮላ (የመጋጠሚያ ላስቲክ)።

*ከጎማው ዙር ጋር የሚመላለስ ሽክ፣ ሽክ፣ ሽክ።* ፔዳሉም እግር ስር የሚመታ ከሆነ ዲስኩ እኩል ውፍረት የለውም፣ ወይም ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል። መሪው ከተንቀጠቀጠ ፊት ነው፤ ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ ኋላ።

*ወፍራም ጉምጉምታ ከኋላ፤ መኪናው ሊቆም ሲል ይበረታል።* ታምቡር ውስጥ አቧራ ወይም ጭቃ አለ። በእኛ መንገድ ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው፤ ወደ ደረጃ 8 ስትደርሱ ጊዜ ስጡት።

3. ፊትና ኋላን በእጅ ፍሬን ለዩ። ሰው በሌለበት፣ ደረቅና ሜዳ በሆነ ቦታ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄዳችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ብቻ ስለሆነ ያው ድምፅ ከመጣ ጥፋቱ ኋላ ነው፤ ካልመጣ ፊቱን ፈትሹ። በእርጥብ መንገድ ወይም በፍጥነት አትሞክሩት፤ የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናው ይዞራል።

4. ፍሬን ያልሆነውን አውጡ። ይህ ደረጃ ሲዘለል ነው ገንዘብ የሚባክነው።

- ፍሬን ሳይያዝ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር፣ መሪ በስሱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚለወጥ ጉርምታ የጎማ ኩሽኔታ ነው።
- መኪና ሲነሳና ነዳጅ ሲለቀቅ ከመሐል የሚመጣ «ጓ» አብዛኛውን ጊዜ ክሮቼራ (የማስተላለፊያው ዘንግ መጋጠሚያ) ነው።
- ኋላ ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣ «ጓ» ባሌስትራውን (የኋላውን ንጣፍ ሞላ) ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ሲላሉም ይሰማል። ጭነት በሚበዛባቸው ፒካፖች ላይ መጀመሪያ እነሱን ፈትሹ።
- ፔዳል ሲረገጥ ከዳሽቦርድ ስር የሚሰማ «ሽሽሽ» የማያቋርጥ ከሆነ ሴርቮው (የፔዳሉን ርግጫ የሚያግዘው ዕቃ) አየር ያሳልፋል። ፔዳሉም ይከብዳል።
- ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው መኪና ጠጠር ላይ አጥብቆ ሲያዝ ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥና ቢያጉረመርም ሥራውን እየሠራ ነው።

5. መኪናውን አንሱ። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፤ የቢቸናና የደጀን ጥቁር አፈር ሲርስ ክሪክ ይውጣል፤ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ አድርጉ። ከማንሳታችሁ በፊት የጎማ ዳዶዎቹን ግማሽ ዙር አላሉ፤ ጎማው አየር ላይ ሆኖ ማታገል መኪናውን ከክሪኩ ይጥለዋል። በማይነሳው ጫፍ ባሉት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። የኋላውን ስታነሱ የእጅ ፍሬን መለቀቅ ስላለበት፣ መኪናውን የሚይዘው ፊት ያለው ታኮ ብቻ ነው፤ በደንብ ይግባ። ካነሳችሁ በኋላ መደገፊያውን ከሻሲ ወይም ከአክስል ስር አስገቡ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር እጃችሁንም አታግቡ።

6. ጎማውን ሳትፈቱ አሽከርክሩትና ነቅንቁት። ማርሽ ከገባበት ይውጣ። ፊት ጎማ በእጅ ሲዞር ቀለል ያለ የሽክታ ድምፅ ጤነኛ ነው። ሁለት እጅ ታግላችሁ ካዞራችሁት ፍሬኑ ተጣብቋል። ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታ ወይም የእግር መጋጠሚያ ልቅ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ብቻ ከተንቀሳቀሰ የመሪ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) ነው። ልቅ ኩሽኔታ ዲስኩን ስለሚያወላግደው፣ አዲስ ሸራ ቢገጠምለትም ይጮኻል።

7. የፊቱን ፈትሹ። ጎማው ከወጣ በኋላ መጀመሪያ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን ስስ ቆርቆሮ በባትሪ እዩ። ተጣሞ ዲስኩን ከነካ በእጅ መልሱት፤ ድንጋይ ካለ በካቻቢቴ አውጡ። ብዙ ግርርታ እዚህ ላይ ያልቃል።

ከዚያ የሸራውን ውፍረት ለኩ። የምትለኩት የሚፋተገውን ክፍል ብቻ ነው፤ የጀርባው ብረት አይቆጠርም። 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይቀየራል። የውስጠኛውን ሸራም ለኩ። ከውጭ የሚታየው ወፍራም ሆኖ ከውስጥ ያለው ብረት ላይ የደረሰበት መኪና በጣም ብዙ ነው። ተንሸራታች ካሊፐር ባላቸው ላይ የውስጡ ብቻ ካለቀ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል። አውጥታችሁ ጥረጓቸው፣ የፍሬን ግራሶ በስሱ ቀቧቸው፣ ጎሚኒያቸው (የላስቲክ መሸፈኛቸው) ከተቀደደ ቀይሩ። ቋሚ ካሊፐር ባላቸው ላይ በሁለቱም ወገን ፒስተን ስላለ፣ አንዱ ሸራ ብቻ ማለቁ የተጣበቀ ፒስተን ምልክት ነው።

ካሊፐር ከፈታችሁ በሽቦ ከሞላው ጋር እሰሩት። በጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ ከቆየ ቱቦው ከውስጥ ይቀደዳል፤ ከውጭ ምንም አይታይም።

ዲስኩን በጥፍር ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ካለው ወደ ቶርኖ ይሄዳል፤ ነገር ግን ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ወርዶ መሳል የለበትም፤ ስስ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ወደ ሰማያዊ የሚወስድ ጠቆር ያለ ምልክት ካያችሁ ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው። ሸራው ብቻ ካብረቀረቀ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ ፊቱ እስኪደበዝዝ ድረስ በስሱ ፈትጉት።

8. የኋላውን ታምቡር ክፈቱ። የእጅ ፍሬን ለቃችሁ ታምቡሩን በእጅ ሳቡ። ካልወጣ መዶሻ አታንሱ። በብዙዎቹ የጃፓን ታምቡሮች ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎኖቹን አስገብታችሁ ተራ በተራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቁ። ታምቡሩ ሳይጣመም ተገፍቶ ይወጣል። አሁንም ካልወጣ ሸራው ታምቡሩ ላይ በቆፈረው ጠርዝ ተይዟል፤ በጀርባው ሰሌዳ ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብታችሁ ማስተካከያውን (ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያቀርበውንና የሚያርቀውን) መልሱት።

ስትከፍቱ ጭምብል ይኑር። አቧራውን በአፍም በኮምፕሬሰርም አትንፉት፤ የቆዩና ምንጫቸው የማይታወቅ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፣ እሱም ሳንባ ያበላሻል። በፍሬን ማጽጃ ወይም በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ ጥረጉ።

በጋ ላይ የመራዊና የዱርቤቴ ቀይ አፈር እንደ ዱቄት ሆኖ ይገባል። ክረምት ላይ ደግሞ ከአስፓልት ወጥቶ ወደ ገጠር የሚገባ ፒካፕ ጭቃ ይዞ ይመለሳል፤ ያ ጭቃ በፍሬን ሙቀት ሸክላ ሆኖ ይጋገራል። ጉምጉምታው የሚመጣው ከዚህ ነው። የታምቡሩን ውስጥ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፤ ሸራውን በስሱ ፈትጉ።

አሁን ብዙዎች የማያዩት ቦታ አለ። ሸራው የጀርባውን ሰሌዳ የሚነካባቸው ትንንሽ ከፍታዎች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሸራ 3፣ በጠቅላላው 6። እነሱ ሲደርቁ ወይም ሲቦረቦሩ ሸራው በሄደና በመጣ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። በእያንዳንዳቸው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል የፍሬን ግራሶ ብቻ አድርጉ። ከዚያ ከበዛ ሲግል ይቀልጥና ሸራው ላይ ይወርዳል።

የሸራውን ውፍረት ለኩ፤ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀይሩ። የታምቡሩ ከፍተኛ የውስጥ ስፋትም በራሱ ላይ ተቀርጿል። ሸራው በዘይት ከራሰ ምንጩን ፈልጉ፦ የፍሬን ሲሊንደሩን የላስቲክ ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ እርጥበት ካለ የፍሬን ዘይት ነው፤ ሲሊንደሩ ደረቅ ሆኖ ከመሐል ጥቁርና ወፍራም ዘይት ከወረደ የአክስሉ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለው ላስቲክ) ነው። ምንጩ ሳይዘጋ ሸራ መቀየር ዋጋ የለውም።

ሞላዎቹን ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ አንዱን ጎን ገጥማችሁ ሳትጨርሱ ሌላውን አትክፈቱ። ታምቡር ወጥቶ ሳለ ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ፤ የሲሊንደሩ ፒስተኖች ወጥተው ዘይቱ ይፈሳል።

9. መልሳችሁ ግጠሙ። ሸራ ሁልጊዜ በጥንድ፣ ማለትም ግራና ቀኝ አንድ ላይ ይቀየራል፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ መኪናው ይጎትታል። የካሊፐር ፒስተን ስትመልሱ የዘይት ጣሳው ሞልቶ እንዳይፈስ እዩ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። የኋላውን ማስተካከያ ታምቡሩ ሲዞር ቀላል ፍትጊያ ብቻ እስኪሰማ አምጡት። ዳዶዎቹን በመስቀል አጥብቁ፤ በብዙዎቹ ባለ 6 ዳዶ ፒካፖች የማጥበቂያው ልክ ከ100 እስከ 130 ኒውተን ሜትር ነው። አንዱ በጣም ጠብቆ ሌላው ከላላ ዲስኩ ይወላገድና ከሳምንታት በኋላ ያ ሽክ ሽክ ይመጣል።

መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ስለተገፉ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ይህን ረስቶ ከጋራዥ በር የወጣ መኪና አይቆምም።

10. ሸራውን አለማምዱ። ባዶ መንገድ ላይ ፍጥነቱን በፍሬን በሰዓት ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር 10 ጊዜ ያህል አብርዱ፣ በየመሐሉ 30 ሰከንድ ንዱ፣ ጨርሳችሁ አትቁሙ። ከዚያ 10 ደቂቃ ያለ ፍሬን ነድታችሁ አቀዝቅዙ። ሸራውና ዲስኩ እኩል የሚገናኙት በዚህ ነው፤ ካልተደረገ አዲስ ሸራም ሲጥ ይላል።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- *ዘይት የነካውን ሸራ ቤንዚን አርከፍክፎ ማቃጠል።* ዘይቱ ወደ ውስጥ ሰርጿል፤ ከላይ ቢደርቅም ፍሬን ሲግል ተመልሶ ይወጣል። ቃጠሎው ደግሞ ሸራውን ከብረቱ ጋር የያዘውን ማጣበቂያ ያዳክማል። ይጣል።
- *ጩኸት ለማጥፋት ሸራ ላይ ወይም ዲስክ ላይ ዘይት መቀባት።* ጩኸቱ ከፍሬኑ ጋር አብሮ ይጠፋል።
- *ፒን ላይ ተራ ግራሶ ወይም የሞተር ዘይት።* ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ፒኑ ከበፊቱ ብሶ ይጣበቃል።
- *በጎደለው የፍሬን ዘይት ላይ ዝም ብሎ መጨመር።* ዘይቱ የሚጎድለው ሸራ ሲሳሳ ወይም ሲፈስ ነው። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እወቁ።
- *የግለ ፍሬን ላይ ውሃ ማፍሰስ።* ብረቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይወላገዳል ወይም ይሰነጠቃል።

ከደጀን ወደ አባይ ሲወረድ ብቻ የሚመጣ ድምፅ

ሜዳ ላይ ዝም ያለ ፍሬን የአባይ በረሃ ላይ ቢጮኽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወረዳል፤ ብዙዎቹ ፒካፖች የሚፈቀድላቸው ጭነት ደግሞ ሰዉን ጨምሮ 1 ቶን ገደማ፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። ከዚያ በላይ ጭኖ በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ሸራው ከልክ በላይ ይግላል፣ ይጮኻል፣ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፦ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው በየ2 ዓመቱ የሚቀየረው። ቀለሙ እንደ ቡና ከጠቆረ ዓመቱን አትጠብቁ።

ቁልቁለቱ ሳይጀምር 2ኛ ወይም 3ኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዝላችሁ። ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ ልቀቁ፤ እግራችሁን አስደግፋችሁ አትውረዱ። ሽታ ከመጣ ሰፊ ዳር ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ። የጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን አጥብቃችሁ አትሳቡ፤ ሲቀዘቅዝ እየጠበበ ሸራውን ይቆልፈዋል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ስትነሱ ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑን ሳትሞክሩ አትንቀሳቀሱ፤ ከለሰለሰ አትቀጥሉ። ጠንክሮ ቤት ከደረሳችሁም በማግስቱ የአራቱንም ጎማ ሸራ አውጥታችሁ እዩ።